የሸንኮራ አመድና የላይ ሾላ ገንዳ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ ሊጠይቁኝ መጡ፤ በእኛ ሰፈር ጡረታም እንደ ሕመም ይጠየቃል። ከመካከላቸው አንዷ «እናትነሽ፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን ቡሬ የምትመላለሺው ምን ልትሠሪ ነበር?» አለችኝ። «አመድ ላስፈጭ» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ጉድ እኮ ነው! እኛ በየማለዳው በነጻ የምንደፋውን አንቺ ደመወዝ ይከፈልሽበት ነበር?» አለች ሌላዋ። ይከፈለኝ ነበር። ብዙ አልነበረም፣ በጊዜው ግን ይመጣ ነበር። ስለ ደመወዝ የምለው ይኸው ነው።

የሳቁት በክፋት አይደለም። አመድ ሲባል ለአገራችን ሰው የሚታየው የምድጃ ጥራጊ ነው። እንግዲያው ሥራዬን ከመጀመሪያው ልናገር፤ የፈለገ ይሳቅ።

የተወለድኩት ፍኖተ ሰላም ነው። ከሙያ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ዱርቤቴ አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ የግንባታ ዕቃ መፈተሻ ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። ክፍል ይባል እንጂ ቆርቆሮ ቤት ነው። ጠጠርና አሸዋ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ በወንፊት እነፋለሁ፣ እመዝናለሁ። የዚያ አለቃዬ ሳይረፍድ ከሰው ጋር የማይነጋገሩ ሰው ነበሩ። እኔም ዝምታ ስለምወድ ተስማማን። ከዚያ አዴት ላኩኝና አፈር ፈተሽኩ። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤት የሠራበትን ሰው ያስለቅሳል። የአዴቱ አለቃዬ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ወሬ ነበሩ፤ ጆሮዬ ሊደነቁር ሲል ወደ ቡሬ ተዛወርኩ። የቀረው የሥራ ዘመኔ እዚያ አለቀ።

ቡሬ የተላክሁት በሸንኮራ አመድ ምክንያት ነው። ቆላ ያለው ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራውን ከጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ገለባ እየማገደ፣ በእንፋሎቱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከምድጃው የሚወጣው አመድ ግን መድረሻ አልነበረውም። ከፋብሪካው ጀርባ ተከምሮ ነፋስ በተነሣ ቁጥር በሰው ልብስና ዓይን ላይ ያርፋል። የድርጅታችን መሐንዲሶች ይህ አመድ በወጉ ከነደደና በወጉ ከተፈጨ ከሲሚንቶ ጋር አብሮ እንደሚጠነክር ያውቁ ነበር። ሲሚንቶ ደግሞ በጊዜው እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ቡሬ ላይ በብረት ኳስ የሚፈጭ ወፍጮ ተተከለ። ከአሥር እጅ ሲሚንቶ ሁለቱ ይቀነስና በምትኩ አመድ ይገባል። የፍተሻው ኃላፊ አቶ ይበልጣል ነበሩ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሼ ይበልጣል ቀጭን፣ ረጅም፣ በዚያ ሁሉ ወበቅ ነጭ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። አመድ የጫነ መኪና ሲመጣ ከሁሉ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ይወጣሉ። ከጭነቱ ቆንጠር አድርገው ውኃው ላይ ይበትናሉ። ጥቁሩ ከተንሳፈፈ ያልነደደ ገለባ ነው፤ ውኃ ከመምጠጥ በቀር ለአርማታ የሚፈይደው የለም። መኪናው እንደ ጫነ ይመለሳል። ሾፌሮቹ ብርጭቆዋን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ከልክ በላይ ነድዶ የነጣውም አይጠቅምም፤ በጥርስ መካከል እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። እሳቸው የሚፈልጉት ግራጫውን ነው። ከወፍጮ ሲወጣ ደግሞ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሹታል። ጣታቸው ላይ ካሉት መስመሮች ገብቶ ከጠፋ ይለፍ፣ ከሻከራቸው ተመልሶ ይፈጭ። እውነቱን ለመናገር ወንፊቱና ሚዛኑም ያንኑ ይሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም ሳያዩ አያምኑም።

ሌላው አመላቸው ጥያቄ ነው። ለሙከራ ከአርማታው ትንንሽ ኩብ እንሞላለን፤ ሲደርሱ በመጭመቂያው እንሰብራቸዋለን። አንዱ ኩብ ያለ ወጉ ደካማ ከሆነ ጋሼ ይበልጣል ስለ ሲሚንቶው ወይም ስለ አሸዋው አይጠይቁም። «ይሄኛው የት አደረ?» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይገርመኝ ነበር፤ ድንጋይ የት ያድራል? በኋላ ግን አንዱ መስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው እንደ ዋለ፣ ሌላው ከውኃ መንከሪያው ገንዳ ወጥቶ እንደ ተረሳ ያገኙታል። ሲያመሰግኑ ደግሞ ሰምቻቸው አላውቅም። ከአፋቸው የሚወጣው ትልቁ ምስጋና «አይከፋም» ነው።

አመድ የገባበት አርማታ ዘገምተኛ ነው። የሰባት ቀኑን ኩብ ሲጨምቁት ያሳፍራል፤ የሃያ ስምንት ቀኑ ግን ይክሳል፣ ከዚያ በኋላም እየጠነከረ ይሄዳል። ችግሩ ይህን ሁሉ ጊዜ እርጥበት መፈለጉ ነው። መሐል ላይ ውኃ ካጣ ባለበት ይቆማል፤ ኋላ ቢያጠጡትም አይመለስም። መፈተሻ ክፍል ውስጥ ይህ ጣጣ የለም፤ ኩቦቹ ውኃ ገንዳ ውስጥ ተነክረው ቀናቸውን ይጠብቃሉ።

ጣጣው የመጣው ላይ ሾላ ላይ ነው። ላይ ሾላ በፍኖተ ሰላምና በጅጋ መካከል ከመኪናው መንገድ ገባ ብላ ያለች መንደር ናት። ምንጯ ከሸለቆ ማዶ፣ ከመንደሩ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሴቶቹ ሸለቆውን ወርደው፣ ማዶውን ወጥተው፣ ቀድተው በዚያው ይመለሳሉ። ምንጩ ቀጭን ስለሆነ ቧንቧ ብቻ መሳብ አይበቃም፤ ውኃውን የሚያጠራቅም ገንዳ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ሲጠበቅ ዘመን አለፈ። በመጨረሻ የእኛ ድርጅት ከአመድ በተቀላቀለው ሊሠራላቸው ተስማማ፤ በእኛም በኩል የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነበር።

የውኃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ወይዘሮ ጥሩዓለም ትባላለች። ጎልማሳ ናት፤ ምላሷ የሰላ፣ ጉልበቷ የማይዝል። መንደሩ አመድ ሲባል አሻፈረኝ ብሎ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ውኃ በአመድ አጥረሽ ልታጠጪን ነው?» እንዳሏት በኋላ ነገረችኝ። እሷ ግን ቡሬ ድረስ መጥታ፣ ኩቡ ሲጨመቅ ቆማ አይታ፣ የተሰበረውን ስባሪ በነጠላዋ ቋጥራ ወስዳ ለሰዉ አሳየች። በእሷ ቃል እያንዳንዱ ቤት አሸዋ ከወንዝ ተሸከመ፣ ድንጋይ ፈለጠ። ገንዳው ከያዘ ቧንቧው ይዘረጋል ተባለ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ግንበኞች ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። አርማታ የሚሞሉት በበዓል ዋዜማ ነው። በማግስቱ ሥራ ስለሌለ ሰውም ከብትም አይረግጠውም። «አርማታውም በዓሉን ያክብር» ይላሉ። በተራው ሲሚንቶ ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ጥቂት ቀን ቢደርቅም ይችለዋል። የላይ ሾላም ግድግዳ በወጉ መሠረት የከተራ ዋዜማ ተሞላ። አጠጡት ብለን ተናገርን፤ እሺ ተባልን፤ ተመራርቀን ተለያየን። እኔ ጥምቀትን ፍኖተ ሰላም ነበርኩ። ጠበሉ ሲረጭ ፊቴን አቅርቤ ተረጨሁ። ያን ዕለት በአገሩ ያልረጠበ ነገር ቢኖር የላይ ሾላ ግድግዳ ብቻ ይመስለኛል፤ ማንም ትዝ አላለውም።

ጊዜው ሲደርስ ለሙከራ በቦቴ ውኃ አምጥተን ገንዳውን ሞላነው። ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፤ እልልታም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው በውጪ በኩል አላበው። ቀጥሎ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ በአራቱም ማዕዘን ይወርድ ነበር። እልልታው ቆመ። ጋሼ ይበልጣል ከኪሳቸው ሚስማር አውጥተው ግድግዳውን ሲጭሩት እንደ ሽሮ ዱቄት ረገፈ። ቡሬ የቀሩት ኩቦች ግን ከዚያው ውሁድ ተሞልተው አንድ እንከን አልነበራቸውም።

«የት አደረ?» አሉ ጋሼ ይበልጣል።

«እዚሁ ነዋ! ግድግዳ ወዴት ይሄዳል?» አለች ጥሩዓለም።

«ማለቴ፣ ውኃ ማን አጠጣው?»

«እንደ ተሞላ እኔው አጠጣሁት፤ ገለባም አልብሼው ነበር። ከዚያማ ከተራ ገባ።»

«በከተራስ?»

«ኧረ አቶ ይበልጣል፣ ምን ነካዎት? ታቦት ወጥቶ ሳለ ለግድግዳ ውኃ ልቅዳ?»

«በማግስቱስ?»

«ጥምቀት!»

«ከዚያስ?»

«ቃና ዘገሊላ። ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ። አገሩን አያውቁትም እንዴ? ገለባውንም ቢሆን ከብቶቹ በሉት።»

ጋሼ ይበልጣል ሚስማራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ በማን እንደ ተናደድኩ እንኳ አላውቅም። በነፋሱ? በበዓሉ? በገለባ በሊታ ላሞች? ጥሩዓለም ፊቷን ወደ ሸለቆው አዙራ ቆማ ነበር።

በሳምንቱ ላይ ሾላ ስብሰባ ተቀመጠ። አንዱ ተነሥቶ «አመድ አምጥታ አመድ አደረገችን» አለ፤ በእሷው ፊት። ከሊቀመንበርነት አወረዷት። ሴቶቹ እንስራና ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ሸለቆው ተመለሱ፤ እሷም ከእነሱ ጋር። አብረዋት የሚወርዱት ሴቶች አያናግሯትም ነበር። «ከስድቡ ይልቅ ያ አቃጠለኝ» ትላለች።

ቡሬም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሥራ አስኪያጃችን ጨካኝ ሰው አልነበሩም፤ የሕዝብ ገንዳ ፈስሶ ዝም ማለት ግን አይችሉም። ሁለታችንን አስጠርተው «አንድ ዕድል አላችሁ። ግድግዳውን አፍርሳችሁ በዚሁ ውሁድ እንደገና ሙሉት። ዳግመኛ ከፈሰሰ አመዱን በግሬደር አስቀብረዋለሁ፤ ላይ ሾላም እንደሌላው መንደር የሲሚንቶ ወረፋ ይጠብቃል» አሉን። ወረፋው ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም።

እንግዲህ በዓል የሌለባቸው ሁለት ሳምንታት ፍለጋ የቀን መቁጠሪያ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የለም! አቦ ሲያልፍ ሥላሴ፣ ሚካኤል ሲያልፍ ኪዳነ ምሕረት፣ ከዚያ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ። ሰንበቶቹን ሳንቆጥር ነው። ከነፋሱም ከዝናቡም ይሻላል ብለን ሁዳዴ ውስጥ፣ መጋቢት መባቻ ላይ ለመሙላት ቆረጥን። ጋሼ ይበልጣል የመንደሩን ቄስ መምሬ ጥላሁንን ሄደው አነጋገሩ፤ በበዓል ግድግዳ ማጠጣት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ። መምሬም በትሕትና ካስተናገዱ በኋላ «እኔ በዓል ልሽር አልተሾምኩም። ደግሞስ ክረምት በረዶ ወርዶ አዝመራውን ቢመታው፣ ሕዝቡ ጦሱን በማን ላይ ይጥለዋል?» አሉ። ጋሼ ይበልጣል ሲመለሱ «ልክ ናቸው» አሉኝ። «እኛው በመኪና እየሄድን እናጠጣለን፤ እኔና አንቺ።»

ተሞላ። ጆንያ አለበስነው፤ ጆንያ ከብት አይበላም። በርሜል ውኃ በቦቴ አምጥተን ለመነሻ አስቀመጥን። ለአቦ ተመልሰን ልንመጣ ተቀጣጥረን ቡሬ ገባን። በማግስቱ መንገድ ተዘጋ።

በዚያ ዘመን መንገድ መዘጋቱ ብርቅ አልነበረም፤ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። አቦ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ሚካኤል አለፈ። ጋሼ ይበልጣል ከላይ ሾላ ውሁድ የሞሏቸውን ኩቦች ለሁለት ከፈሏቸው፤ ገሚሱን ውኃ ውስጥ ተዉት፣ ገሚሱን አውጥተው ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ሰጡት። «ግድግዳው ከሁለቱ አንዱን ይመስላል» አሉ። ከጣሪያው ያወረድነውን ስንጨምቀው ጭነቱ ገና ሳይጠና ተፈረካከሰ። ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። እኔም በልቤ ገንዳውንም ጥሩዓለምንም ቀብሬ ነበር።

መንገዱ ተከፈተ በተባለ ዕለት በማለዳ ሄድን። ወደ መንደሩ ስንቃረብ ግድግዳው ከሩቅ ጥቁር ሆኖ ታየኝ። የተቃጠለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ወርደን ስንቀርብ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል፤ ከጆንያው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። በዙሪያው ሰው የለም። ጥቂት ቆይቶ ጥሩዓለም ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከሸለቆው ብቅ አለች። ከስታለች፤ ፊቷ ከስሏል።

«በርሜሉ አለቀብኝ» አለች፤ ሰላምታም አላስቀደመችም።

«በበዓሉም አጠጡት?» አልኳት።

«በበዓሉም፣ በሰንበቱም። ሰው ነጭ ለብሶ ወደ ደብር ሲወጣ እኔ ጀሪካን አዝዬ ቁልቁል ስወርድ እያየኝ። ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።»

«ለምን ብለው ነው?» አሉ ጋሼ ይበልጣል፤ እንዲህ ድምፃቸው ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ላድርግ? እናንተ ቀራችሁ። እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው፤ እንዲሁ ቆሜ ሲደርቅ ልየው? መምሬ ጥላሁን ዘንድም ማንም ሳይከሰኝ ራሴ ሄጄ ተናዝዣለሁ።»

ጋሼ ይበልጣል ሚስማራቸውን አወጡ። ጫሩት፤ ምንም አልረገፈም። ደጋግመው ጫሩት፤ የሚያብረቀርቅ ጭረት ብቻ ቀረ። በመዶሻ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። «አይከፋም» አሉና ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። በዚያው ሰሞን ገንዳውን በቦቴ ውኃ ሞላነው። በማግስቱ የውጪው ግድግዳ ደረቅ ነበር። ወንዶቹ አንድ በአንድ እየመጡ መዳፋቸውን እየለጠፉ አዩ፤ ያ «አመድ አደረገችን» ያለውም መጥቶ ለጠፈ። ሊቀመንበርነቱን መልሰው ቢሰጧት «እስከ ፋሲካ ንስሐ ላይ ነኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ በሸንኮራው አመድ የትምህርት ቤት ወለልም፣ የመንገድ ዳር ቦይም ተሠራ። ጋሼ ይበልጣል ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጥተው ጅጋ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ወንበራቸውን እኔ ወረስኩ። በእኔ ዘመን በበዓል የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ስሙ ሳይጠራ አርማታ አይሞላም ነበር። ከጅጋ የሚመጡት ሙስሊም ግንበኞቻችን በእኛ በዓል ያጠጣሉ፣ በእነሱ ዒድ ደግሞ እኛ እናጠጣለን። አሁን መፈተሻ ክፍሉ አዲስ ማሽን ገብቶለታል፤ ውጤቱን ራሱ አትሞ ያወጣል ይሉኛል። እሰየው።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ግን ከሆሳዕና በፊት ላይ ሾላ የሄድኩበት ቀን ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ዘግይቶ ስለ ገባ ቧንቧው ተዘርግቶ ደርሶ ነበር። ውኃ መቅጃው የቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ነው። ጥሩዓለም ጀሪካኗን ደቅና ስትቀዳ አገኘኋት፤ ሴቶቹ ከኋላዋ ተሰልፈው ያወካሉ፣ ከእሷም ጋር ይቀላለዳሉ።

«እትዬ ጥሩዓለም፣ ንስሐው እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ይኸው እየፈጸምኩ! መምሬ ሰምተው ሰምተው ‹እስከ ፋሲካ የቤተ ክርስቲያኑን ውኃ ትቀጃለሽ› አሉኝ። ያኔ ሸለቆው ታየኝና አለቀስኩ። ቧንቧው መጣና መንገዱ ከበሩ እስከ ዕቃ ቤቱ ብቻ ሆነልኝ።»

«ቧንቧው እዚህ እንደሚቆም መምሬ ያውቁ ነበር?»

«ቦታውን የሰጡት ማን ሆነና?» አለችና ሳቀች።

«እና ከልብዎ ተጸጽተዋል?»

ሳቋን አቆመች። ጀሪካኑ ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ቧንቧውን ዘጋችው፤ ክዳኑን አጥብቃ ከደነች።

«ስለ ሌላው ኃጢአቴ፣ አዎ፤ አልቅሼ ተናዝዣለሁ። ስለ ግድግዳው ግን ጸጸቱ እስካሁን እምቢ ብሎኛል» አለችኝ። «መምሬንም አልዋሸኋቸውም፤ እንዲሁ ነገርኳቸው። ‹አንቺ ብቻ ቅጂ› አሉኝ።»

ጀሪካኑን አዝላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ገባች።